214ቱን ፋይል ተይውና አንድ ደብዳቤ ክፈቺ

«ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሰው የለም። አንድ ሌሊት ስለ ግላዲያተር የተሠራ ፊልም አየሁና የሮም ታሪክ ፍቅር ያዘኝ። በሆቴሉ ዋይፋይ 214 ፒ.ዲ.ኤፍ. አወረድኩ። ጊበንን ጀምሬ 30ኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። ቨርጂልን ጀምሬ ስሞቹ አዞሩኝ። አንድ የማውቀው ሰው ‹ላቲን ካልተማርሽ ዋጋ የለውም› አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ‹ሮም ምንሽ ናት?› እያሉ ይስቁብኛል። 3,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ምን ልግዛበት? ከየትስ ልጀምር?»

የማታ ተረኛዋ፣ ከአዳማ

የኔ እህት፣ ብሩን ለጊዜው አትንኪው። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልግሽ ሁሉ በነጻ አለ። ብሩ የት እንደሚገባ በኋላ እነግርሻለሁ።

ከ214ቱ ፋይል እንጀምር። ይሄ በሽታ የኔም ነው። መጽሐፍ ማውረድ ያነበብን ያህል ደስ ይላል። ስልኩ ሲሞላ ጭንቅላታችን የሞላ ይመስለናል። እኔ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት በፎቶ ኮፒ ነበር የምሰበስበው። አንድ ሻንጣ ሙሉ ነበረኝ። አብዛኛውን አይጥ አነበበው። አንቺ ፋይሎቹን አታጥፊ፤ አንድ ማኅደር ውስጥ ክተቻቸውና እርሺያቸው።

ጊበን ላይ መቆምሽ ስንፍና አይደለም። ሰውየው ስድስቱን ቅጽ ያወጣው ከ1776 እስከ 1788 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጻፈው ስለ ሮም ውድቀት ነው። ታሪኩን የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሮማውያን ከተማቸው ተመሠረተች የሚሉት በ753 ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለሆነ፣ አንቺ የገባሽው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛውም የ250 ዓመት እንግሊዝኛ ነው። ሲጽፍ ግን ማር ነው። አንድ ቀን ትመለሺበታለሽ። ስትመለሺ 47ኛው ምዕራፍ ላይ ስለኛ የጻፈውን ታገኚያለሽ። ኢትዮጵያውያን በሃይማኖታቸው ጠላቶች ተከበው፣ የረሳቸውን ዓለም እነሱም ረስተው፣ አንድ ሺህ ዓመት ያህል አንቀላፉ ይላል። ላሊበላን የፈለፈልነው በእንቅልፍ ልባችን ነው ማለት ነው! ለማንኛውም፣ በነጻ የሚገኙት መጻሕፍት አብዛኞቹ አሮጌዎች ናቸው። አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ የዘመኑን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ንቀትም ይዞ ይመጣል። ይህን አውቀሽ አንብቢ።

መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ አጽም ነው። ማን ከማን በፊት እንደመጣ ማወቅ። ለዚህ ጆሮ ከዓይን ይሻላል። በተለይ ቁልፍ እያስረከበ ለሚያድር ሰው። ማይክ ደንከን የሚባል አሜሪካዊ ከ2007 እስከ 2012 «የሮም ታሪክ» የሚል ፖድካስት ሠርቷል። ከአፈ ታሪኩ ተነስቶ እስከ 476 ድረስ በቅደም ተከተል ይሄዳል። ነጻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ድምፃቸው ደከም ያለ ስለሆነ ታገሺው። ሆቴሉ ዋይፋይ ላይ አውርደሽ ታክሲ ውስጥ ስሚ።

እየሰማሽ አራት ዓመት ብቻ ያዢ። 753 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ምሥረታው፣ እሱም አፈ ታሪክ ነው። 509፣ ነገሥታቱ ተባረው ሪፐብሊክ የሆነበት። 27፣ ኦክታቪያን «አውግስጦስ» ተብሎ የቄሳሮቹ ዘመን የተጀመረበት። ከዚያ ከልደት በኋላ 476፣ በምዕራብ በኩል የመጨረሻው ቄሳር የወረደበት። ወረቀት ላይ ጽፈሽ የቁልፍ ማንጠልጠያው ጎን ለጥፊው። ሌላው ሁሉ በነዚህ መሃል ቦታ ቦታውን ይይዛል። የሜሪ ቢርድን «ኤስ.ፒ.ኪው.አር.» የሚያውስሽ ካገኘሽም እሰየው። በ63 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቆንስሉ ሲሴሮና ሴረኛው ካቲሊን ሲፋጠጡ ይጀምርና፣ ከልደት በኋላ በ212 ቄሳር ካራካላ በግዛቱ ላሉ ነጻ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉ ዜግነት ሲሰጥ ያበቃል። እኔ እስከማውቀው ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የዘመኑ መጽሐፍ የለም።

ግን አጽሙ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ራሳቸው ሮማውያን የጻፉትን ክፈቺ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሮም የተጻፈውን ሲያነብ ከርሞ ሮማዊ የጻፈውን ሳያይ ይቀራል። «ክላሲክ» የሚለው ቃል ያስፈራዋል። አንቺ በደብዳቤ ጀምሪ። በታናሹ ፕሊኒ ደብዳቤዎች።

ለምን እሱ? ከልደት በኋላ በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ፕሊኒ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከእናቱና ከአጎቱ ጋር ሚሴኑም የሚባል የወደብ ከተማ ነበሩ። አጎቱ የጦር መርከቦቹ አዛዥ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ እንደ ጥድ ዛፍ ወደ ላይ ተመዝዞ ጫፉ ላይ የተንዠረገገ ደመና ያያሉ። አጎቱ መርከብ አዘጋጁ ብሎ «ትመጣለህ?» ይለዋል። ልጁ ምን አለ መሰለሽ? «ማጥናት ይሻለኛል።» አጎቱ ሄደ፤ እዚያው ሞተ። በዚያው ሌሊት መሬቱ እየተናጠ፣ ልጁ የሊቪን የታሪክ መጽሐፍ አስመጥቶ ማስታወሻ መያዙን ቀጠለ። የአጎቱ ወዳጅ የሆነ ሰው መጥቶ ተቆጣው። ፕሊኒ ካደገ በኋላ ይህን ሲጽፍ «ጀግንነት ልበለው ወይስ ሞኝነት አላውቅም» ይላል። ቀጥሎ ያለው፣ አመዱ፣ ጨለማው፣ እናቱ «እኔን ትተኸኝ ሽሽ» ስትለው እጇን ይዞ መውጣቱ፣ አንዴ ከጀመርሽው እንግዳ ቢያንኳኳም የምትሰሚ አይመስለኝም።

ይህን የሚተርኩት ሁለት ደብዳቤዎች የተጻፉት ለታሪክ ጸሐፊው ለታሲተስ ነው። ስለ አጎትህ አሟሟት ጻፍልኝ ብሎ ጠይቆት ነው። ታሲተስ ስለዚያ ዓመት የጻፈው ክፍል ጠፍቷል። ለመረጃ የተላከለት ደብዳቤ ግን እኛ ጋ ደረሰ።

እግረ መንገዴን አንድ የሙያ ነገር ልንገርሽ። እነዚህን ደብዳቤዎች የምታገኚያቸው በ6.16 እና በ6.20 ነው። ስድስተኛው መጽሐፍ (‹መጽሐፍ› የሚሉት የሥራውን አንድ ክፍል ነው)፣ 16ኛውና 20ኛው ደብዳቤ ማለት ነው። የጥንት መጻሕፍት በገጽ አይጠቀሱም። እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ነው የሚሠራው። ስለዚህ የትኛውንም ትርጉም ብትይዢ ቦታው አይጠፋሽም። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ገጽ ሳገላብጥ አደርኩ መሰለሽ።

ከዚያ ወደ አሥረኛው መጽሐፍ ዝለዪ። ፕሊኒ አድጎ የአንድ ክፍለ ሀገር ገዥ ሆኗል፤ አሁን ቱርክ በሚባለው አገር በሰሜኑ በኩል። ለቄሳሩ ለትራጃን ይጽፋል፤ ትራጃንም ይመልሳል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልክ እንደኛው ነው። ኒቆሜዲያ የምትባል ከተማ ላይ ቃጠሎ ደርሶ ነበርና 150 ሰዎች ያሉት የእሳት አደጋ ቡድን ላቋቁም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ትራጃን እምቢ ይላል። በምንም ስም ይሰብሰቡ፣ ተሰብስበው ፖለቲካ መጀመራቸው አይቀርም ነው ነገሩ። 10.96 ላይ ደግሞ ክርስቲያኖችን ምን ላድርጋቸው ይላል። ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ የሰማውን ይነግረዋል። መልሱ 97 ላይ ነው። እያሳደድክ አትፈልጋቸው፤ ስም የሌለው ክስም አትቀበል። ቢያዙና እንቢ ቢሉ ግን ይቀጡ። ለ1,900 ዓመት ሰው ሲከራከርበት የኖረ መልስ ነው።

ለነገሩ የሮምን ታሪክ አንቺ ሳታውቂው አንብበሻል። «ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ወጣች» የሚለውን በየገናው ትሰሚያለሽ። በሐዋርያት ሥራ 18 ላይ የጳውሎስን ክስ አልሰማም ብሎ ከሳሾቹን ያባረረው ጋልዮስ የፈላስፋው የሴኔካ ወንድም ነው። ሴኔካ ስለ ቁጣ የጻፈውን መጽሐፍ የሰጠው ለእሱ ነው። 22ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ የሻለቃውና የጳውሎስ ንግግር አለ። አንደኛው ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ ገዛ፣ ሌላው ተወለደበት። የሮም ዜግነት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ባጠረ ያስረዳ አላየሁም።

ከፕሊኒ በኋላ ስዊቶኒየስን ውሰጂ። የ12 ቄሳሮች ሕይወት ነው። ወሬኛ ነው፤ ሐሜት ይወዳል፤ ለማታ ፈረቃ ልክ ነው። ስለ ጁሊየስ ቄሳር ግድያ ሲጽፍ 23 ቦታ ተወጋ፣ ሐኪሙ አንቲስቲየስ ግን ለሞት ያበቃችው ሁለተኛዋ፣ ደረቱ ላይ ያረፈችው ናት አለ ይለናል። «አንተም ብሩተስ?» የምትለውን እሱ ጋ አታገኚያትም። በላቲን የታወቀችው ከሼክስፒር ነው። ስዊቶኒየስ የሚለው፣ አንዳንዶች በግሪክኛ «አንተም ልጄ?» አለ ይላሉ ነው። ፊልምሽንም እግረ መንገድ ላርመው። ቄሳሩ ኮሞደስ ሜዳ ላይ በሰይፍ አልሞተም። በ192 የመጨረሻ ቀን ናርኪሶስ የሚባል የትግል ስፖርተኛ አንቆ ነው የገደለው።

ታሲተስን ትንሽ አቆዪው። ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው፤ ግን አረፍተ ነገሩ ጥርስ ይሰብራል። መግቢያው ላይ ያለ ቁጣና ያለ አድልዎ እጽፋለሁ ይልና ከዚያ በየገጹ ይቆጣል።

ስሞቹ ስላዞሩሽ ቨርጂል ላይ አልፈርድብሽም። «ኤኔይድ» የሚባለው ግጥሙ 12 መጽሐፍ ነው። ከአንደኛው መጀመር ግዴታ የለም። ሁለተኛውን አንብቢ፣ የትሮይ መውደቅ ነው። ከዚያ አራተኛውን፣ ንግሥት ዲዶ ተክዳ የምትሞትበትን። ቅዱስ አውግስጢኖስ ልጅ እያለ ለዲዶ ማልቀሱን በኑዛዜው ጽፏል። ከዚያ በፊት ግን ገጣሚውን ኦቪድን ብትቀምሺ ጥሩ ነው። «ሜታሞርፎሲስ» 15 መጽሐፍ ይሁን እንጂ ተረት ተረት ነው። አንዷ ተረት አንድ ቡና ትፈጃለች። በ8 ዓ.ም. አውግስጦስ ሰውየውን ወደ ጥቁር ባሕር ዳር፣ ወደ ዛሬዋ ሮማኒያ አጋዘው። ኦቪድ ራሱ ምክንያቱን ሲናገር «አንድ ግጥምና አንድ ስሕተት» ብሎ ዝም ይላል። ስሕተቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሁሉን ከየት? እንግሊዝኛ ስለምታነቢ ቀላል ነው። «ላከስ ከርቲየስ» የሚባለው ድረ ገጽ የስዊቶኒየስን፣ የፖሊቢየስን፣ የፕሉታርክንና የብዙ ሌሎችን ሙሉ ትርጉም ይዟል። ገጹ አሮጌ ነው፣ ዳታም አይበላም። «ፐርሲየስ» የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የላቲኑን ቃል ስትነኪው ትርጉሙንና ሰዋስውን ያወጣልሻል። እሱ ግን አንዳንዴ ይንቀራፈፋል። ፕሮጀክት ጉተንበርግና ኢንተርኔት አርካይቭን ታውቂያቸዋለሽ። ሊብሪቮክስ ላይ በጎ ፈቃደኞች መጽሐፎቹን ጮክ ብለው አንብበው አስቀምጠዋል። አንዳንዱ አንባቢ ያስተኛል፤ ሞክረሽ የሚስማማሽን ምረጪ። ስታንፎርድ የሠራው «ኦርቢስ» ደግሞ ካርታ ነው። ከሮም እስክንድርያ በክረምት በመርከብ ስንት ቀን ይፈጃል ብለሽ ብትጠይቂው ያሰላልሻል። በእሱ የፈጀሁትን ሌሊት አልቆጥረውም።

ትንንሾቹን ቀይና አረንጓዴ መጻሕፍት ሳታዪ አትቀሪም። የሎብ ቤተ መጻሕፍት ይባላሉ። ከ1910ዎቹ ጀምሮ ይታተማሉ። በግራ ገጽ ዋናው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ቀዩ ላቲን፣ አረንጓዴው ግሪክ። የቆዩት ቅጾች መብታቸው ስላለፈ በነጻ ይወርዳሉ። ተርጓሚዎቹ ጨዋ ነበሩ። በ1919 የወጣው የማርሻል ግጥም ላይ ባለጌ ባለጌውን በእንግሊዝኛ አንጽፍም ብለው በጣሊያንኛ አስቀመጡት። ጣሊያኖች ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

አሁን ላቲን። ያ ሰውዬ ተሳስቷል። ያለ ላቲን ብዙ ርቀት ትሄጃለሽ። ግን ልብሽ ከፈለገው ደግሞ አትፍሪው። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀልበት ነገር አለ። «ፑኤላ ሊብሩም ሌጊት» የሚለውን ውሰጂ። ፑኤላ ልጅቷ፣ ሊብሩም መጽሐፉን፣ ሌጊት ታነባለች። ልጅቷ መጽሐፉን ታነባለች። ቅደም ተከተሉ ራሱ ነው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ። የሊብሩም ጭራ ላይ ያለችው «ም» የኛ «ን» ናት። እንግሊዞች ይህችን ጭራ ለመልመድ ወራት ይፈጅባቸዋል። አንቺ በጡት ጠጥተሻታል። «አሞ» ማለት እወዳለሁ ነው። «እኔ» ማለት ሳያስፈልግ በአንዲት ቃል ያልቃል። ግዕዝ ከነካካሽ ደግሞ የበለጠ ይገባሻል።

ብሩ የሚገባው እዚህ ነው። ኦርበርግ የሚባል የዴንማርክ ሰው ያዘጋጀው «ሊንግዋ ላቲና» የሚባል መማሪያ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በላቲን ብቻ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር «ሮማ ኢን ኢታሊያ ኤስት» ይላል። ያለ አስተርጓሚ ገባሽ አይደል? እንደዚያ እያለ፣ አንድ አንድ ቃል እየጨመረ፣ ሙሉ ታሪክ ያስነብብሻል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ስታገኚ አስመጪው። ግን ፕሊኒን ሳትጨርሺ እንዳታዢው።

ለሳቁብሽ ባልደረቦችሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ከግብፅ የተነሳ አንድ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር በግሪክኛ የጻፈው መመሪያ አለ። አዱሊስን ይገልጻል። የዝሆን ጥርስ የሚሰበሰብባትን አክሱምን በስሟ ይጠራል። እዚያ የሚገዛውን ዞስካሌስን ገንዘብ ላይ ቆንቋና ነው፣ ግን ቅን ነው፣ ግሪክኛም ያውቃል ይለዋል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቄሳር ቆንስጣንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳዛና ደብዳቤ ጽፏል። ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ወደ ግብፅ መልሱልኝ ነው የሚለው። ደብዳቤውን በጽሑፉ ውስጥ ያቆየልን አትናቴዎስ ነው።

ትልቁን ግን አላልኩሽም። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የግብፅ ጳጳስ፣ የኒቂዩ ዮሐንስ፣ የዓለም ታሪክ ጽፎ ነበር። የእስክንድርያዋ ፈላስፋ የሂፓትያ ግድያ፣ ቄሳር ሕርቃል ዙፋን ላይ የወጣበት፣ ግብፅ ከሮማውያን እጅ ወጥታ በአረቦች እጅ የገባችበት ጊዜ ሁሉ እዚያ አለ። ዋናው ጠፋ። የአረብኛ ትርጉሙም ጠፋ። የቀረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሮምን የመጨረሻ የግብፅ ዘመን የሚያጠና የአውሮፓ ምሁር ግዕዝ መማር አለበት፣ ወይም የተማረ ሰው መጠየቅ። ዞተንበርግ በ1883 ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ጋር አሳትሞታል። ቻርልስ በ1916 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። በሮማውያን ጽሑፍ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ባየሽ ቁጥር እልል አትበይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ ሜሮዌን ነው። ስትራቦ ከሮማውያን ጋር ተዋጋች የሚላት ንግሥት ህንደኬም የሜሮዌ ናት።

ፕሊኒንና ስዊቶኒየስን ስትጨርሺ አንድ የቤት ሥራ አለሽ። ሃኒባል በ218 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዝሆን ይዞ የአልፕስን ተራራ ያቋረጠበትን ታሪክ ሁለት ሰዎች ጽፈውታል። የፖሊቢየስን 3ኛ መጽሐፍና የሊቪን 21ኛ መጽሐፍ ጎን ለጎን ክፈቺ። ፖሊቢየስ ግሪካዊ ነው። ሮም ውስጥ በመያዣነት የኖረ። ተራራውን ራሴ ሄጄ አይቻለሁ፣ የነበሩ ሰዎችንም ጠይቄያለሁ ይላል። ሊቪ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ቢሆንም ሲተርክ ብርዱ ይሰማሻል። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ እያየሽ ጻፊ። ማንን እንዳመንሽም ላኪልኝ። እኔ ወደ ፖሊቢየስ አደላለሁ። ሊቪ መንገድ የዘጋባቸውን ቋጥኝ በእሳት አግለው ኮምጣጤ አፈሰሱበትና ፈረካከሱት ይላል፤ ፖሊቢየስ ስለ ኮምጣጤ ትንፍሽ አላለም። ያን ሁሉ ኮምጣጤ ተራራ ላይ ከየት እንዳመጡት ከደረስሽበት፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ጻፊልኝ።